ከማዕድ ወደ ስድብ፤ «በላ» የተሰኘው ቃል ታሪክ

በአማርኛ «በላ» የሚለው ቃል ሁለት አገልግሎት አለው። አንደኛው ግሥ ነው። «እገሌ ጎመን በላ» ሲባል በአንድ ቀን፣ በአንድ ማዕድ የተፈጸመ ድርጊት ይነገራል፤ ድርጊቱም መሶቡ ሲነሣ ያበቃል። ሁለተኛው ስም ነው። ሰው «ጎመን በላ» ተብሎ ሲጠራ ግን ድርጊቱ አላበቃም፤ መታወቂያ ሆኗል። ተጠሪው ዛሬ ሌላ ምግብ ቢበላ፣ ልጁ ጎመን ቀምሶ ባያውቅ፣ የልጅ ልጁም በሌላ አገር ቢያድግ ስሙ አብሮት ይሄዳል። ከግሡ ወደ ስሙ ሲታለፍ አንዲት ፊደል እንኳ አልተለወጠችም። የተለወጠው ነገር የአንድ ቀን ድርጊት የዘር መለያ መሆኑ ነው። «ጥሬ በላ»፣ «ጥንብ በላ»፣ «ቆጮ በላ»፣ «አንበጣ በላ»፣ «ጉማሬ በላ»፣ ከሁሉም በላይ «ሰው በላ» የሚሉት መጠሪያዎች የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

እንዲህ ያሉ ስድቦች ሲመረመሩ ብዙውን ጊዜ ጥያቄው ስለ ምግቡ ይሆናል፤ ምግቡ ንጹሕ ነው ወይስ ርኩስ፣ የተፈቀደ ነው ወይስ የተከለከለ፣ የድኻ ነው ወይስ የጌታ ይባላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነገር ያስረዳል። ምግቡ ፈጽሞ ሲቀር ስድቡ ያልቀረበት ሕዝብ አለ። በአንጻሩ ስድቡ ጠፍቶ ምግቡ በየቤቱ የገባበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ምግቡ የስድቡ ማመካኛ እንጂ ምክንያቱ አይደለም። ምክንያቱ የሚገኘው ምግቡን የሚበላው ሰው በመሬት፣ በጋብቻና በሥልጣን ረገድ በተሰጠው ቦታ ላይ ነው። የጎጃም ታሪክ፣ በተለይም የይጁቤ ገበያና የጣና ዳርቻ ታሪክ፣ ለዚህ ጉልህ ማስረጃ ይሰጣል።

ቀልድና ስድብ

ይጁቤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የምትገኝ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት። ወረዳው ከወይና ደጋው ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ ስለሚወርድ ገበያዋ የደገኛና የቆለኛ መገናኛ ሆና ኖራለች። ደገኛው ገብስና ድንች፣ የወይና ደጋው ሰው ጤፍና ስንዴ፣ ቆለኛው ማሽላ ይዞ ይመጣል። ድንች ራሱ ለአገሩ እንግዳ ነበር፤ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ እንደ ሆነ ይነገራል። ዛሬ ግን በጮቄ ተራራ ግርጌ ያለ ድንች ክረምቱን የሚሻገር ቤተሰብ ጥቂት ነው።

እህል የተለያየበት ገበያ ቀልድ አያጣም። ደገኛው በቆለኛው ማሽላ ይሳለቃል፤ ቆለኛውም በደገኛው ገብስና ድንች መልሶ ይስቃል። ሁለቱም ከሣቁ በኋላ እህሉን ይለዋወጣሉ፤ ልጆቻቸውንም ያጋባሉ። ይህ ስድብ አይደለም። ቀልድ እንደ ገበያ ዕቃ ይመላለሳል፤ የተቀበለ ይመልሳል። ስድብ ግን እንደ ጎርፍ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይወርዳል። ተሰዳቢው ያንኑ ቃል መልሶ ለመወርወር የሚያስችል ቦታ የለውም። ቢወረውርም አይጎዳም። ስለዚህ አንድ የምግብ መጠሪያ ቀልድ ወይም ስድብ መሆኑን ለማወቅ ምግቡን መመርመር አያስፈልግም፤ ቃሉ ተመልሶ መሄድ መቻሉንና አለመቻሉን ማየት ይበቃል።

በክርስቲያንና በሙስሊም መካከል የነበረው የሥጋ ልዩነትም ይህንኑ ያስረዳል። አንዱ የሌላውን ዕርድ አይበላም። ክልከላው ግን የሁለቱም ነው። በብዙ አካባቢዎች ክርስቲያኑ ሠርግ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ ከብት ለይቶ ያሳርዳል፤ ሙስሊሙም እንዲሁ ያደርጋል። በዚህ ረገድ የማዕዱ መለየት መከባበርን አልከለከለም። ልዩነት ብቻውን ንቀት አይወልድም።

መሶብ፣ ጋብቻ፣ ርስት

ታዲያ ንቀቱን የሚወልደው ምንድን ነው? መልሱ በጎጃም የመሬት ሥሪት ውስጥ ይገኛል። የአሜሪካው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ያደረገውንና እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ያሳተመውን ጥናት የተመለከተ ሰው እንደሚረዳው፣ በጎጃም ርስት የሚጠየቀው ከአንድ አቅኚ አባት በመወለድ ሲሆን ትውልዱ በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል። ይህም ማለት ጋብቻ ሁለት ሰዎችን ብቻ የሚያገናኝ አልነበረም። ከጋብቻው የሚወለደው ልጅ በሁለቱም ወገን ርስት ላይ የመጠየቅ መብት ይዞ ይወለዳል። በሌላ አነጋገር ሴት ልጅን መዳር ለወደፊት ባለርስት በር መክፈት ነበር።

እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ የማዕድ አጥር ትልቅ ሥራ ይሠራል። አብሮ ያልበላ አይጋባም፤ ያልተጋባ ልጅ አይወልድም፤ ልጅ ያልወለደም ርስት አይጠይቅም። በመሶቡ ዙሪያ የቆመው አጥር በመጨረሻው የርስቱ አጥር ነው። «ከእነርሱ ጋር አንበላም» የሚለው አነጋገር የሃይማኖት ወይም የንጽሕና ጉዳይ መስሎ ይቀርባል፤ ውስጡ ሲታይ ግን «ከእኛ ጋር አይካፈሉም» ማለት ነው። በጎጃም ርስት ከተነፈጉት መካከል ዋነኞቹ ወይጦዎች፣ የእጅ ባለሙያዎች፣ የባሪያ ልጆችና ሙስሊሞች መሆናቸው፣ በምግብ ስም የተሰደቡትም እነዚሁ መሆናቸው የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

የይጁቤ ገበያ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የውጭ አገር ተጓዦች «ባሶ» እያሉ በመጽሐፋቸው የመዘገቡት የይጁቤ ገበያ ከዓባይ ማዶ ለሚመጣው ንግድ ዋና በር ነበር። ከእናርያ፣ ከጉድሩና ከአሰንዳቦ የሚነሡ ቅፍለቶች ዓባይን ተሻግረው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ኮረሪማ፣ ቡናና ባሪያ ያመጣሉ። ከሰሜን የሚወርዱት ደግሞ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅ፣ መዳብና ዶቃ ይዘው ይጠብቃሉ። ከዚያም ዕቃው ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይቀጥላል። ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጎጃምን በሚገዙበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 ድረስ በጎጃም የቆየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በገበያው አቅራቢያ በየውሽ ተቀምጦ ስለ ንግዱ ጽፏል። ከነጋዴዎችና ከባሪያዎች አፍ እየጠየቀም ከአሥር የሚበልጡ ቋንቋዎችን ቃላት ሰብስቧል።

ይህ የቃላት ስብስብ ለቋንቋ ጥናት ያለው ጥቅም የታወቀ ነው። ነገር ግን ሌላም ነገር ይናገራል። አንድ እንግዳ ሰው በአንድ የጎጃም መንደር ተቀምጦ የብዙ ሩቅ አገሮችን ቋንቋ መስማት የቻለው የእነዚያ አገሮች ሰዎች ተሽጠው በዚያ ስለሚያልፉ ነበር። እያንዳንዳቸው የትውልድ አገር፣ የወገን ስምና የእናት ማዕድ ነበራቸው። ገበያው ግን በዚያ አልጠራቸውም። ዓባይን ሲሻገሩ ስማቸው ቀርቶ «ሻንቅላ» ወይም «ባሪያ» በሚለው ጅምላ መጠሪያ ተጠቀለሉ።

ሰውን ለመሸጥ በቅድሚያ ከጎረቤትነት ማውጣት ያስፈልጋል። ፍትሐ ነገሥት ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን እያስታወሰ ባርነትን ግን ይቀበል ነበር፤ ክርስቲያንን ለኢአማኒ መሸጥንም ይከለክላል። ስለዚህ ሻጩና ገዥው ሕሊናቸውን ለማሳረፍ የሚሸጠው ሰው ወገን አለመሆኑን የሚያሳይ ምልክት ይፈልጋሉ። ከማዕድ የበለጠ ለዓይን የቀረበ ምልክት ደግሞ አልተገኘም። የማይጾም፣ የእኛን ዕርድ የማያውቅ፣ የዱር አውሬ የሚበላ ከተባለ በኋላ ሰውየው ከሰው ተራ ለመውጣት ግማሽ መንገድ ሄዷል። በዓባይ ሸለቆና ከጎጃም በስተምዕራብ በሚኖረው የጉሙዝ ሕዝብ ላይ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የዘለቀው የባሪያ አደንም ከዚህ ዓይነቱ አነጋገር ተለይቶ አያውቅም። አደኑ ንቀቱን ፈለገ፤ ንቀቱም አደኑን አቀለለ።

ቡና ወይም የጠፋው ስድብ

በዚያው ገበያ ከባሪያው ጎን ለጎን በአህያና በበቅሎ ተጭኖ የሚያልፍ ቡና ነበር። የዘመኑ የጎጃም ክርስቲያን ቡናን ሲያሳልፍ ይኖራል እንጂ አይጠጣውም። ቡና እንደ ጫትና እንደ ትምባሆ የሙስሊምና ከዓባይ ማዶ ያለው ሕዝብ ልማድ ተደርጎ ይታይ ነበር። ቡና መጠጣት ከእምነት እንደ መውጣት ስለሚቆጠር ካህናት ያወግዙታል። የቡና ስኒ ሰውን ከሰው የሚለይ ምልክት ነበር።

ይህ ምልክት የተሰረዘው ቡናው ስለተለወጠ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአገሪቱ የንግድ ሚዛን ተለወጠ። የባሪያው፣ የዝሆን ጥርሱና የዝባዱ ንግድ እየቀነሰ ቡናው ዋና የውጭ ንግድ ዕቃ እየሆነ መጣ። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር። በ1874 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ግብጻዊው ጳጳስ አቡነ ማቴዎስም ቡና የእስልምና መጠጥ ነው የሚለውን የካህናት እምነት ለማስቀረት ብዙ እንዳደረጉ የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ገልጿል። ቤተ መንግሥቱ ከጠጣ፣ ጳጳሱ ካልከለከሉ፣ ነጋዴውም ከከበረበት ርኩሰቱ ከወዴት ይመጣል? ከሁለትና ከሦስት ትውልድ በኋላ የጎጃም እናት ጎረቤቷን የምትጠራው ቡና አፍልታ ሆነ። ቡና ሳይጠጣ የታረቀ፣ ቡና ሳይጠጣ የተጽናና፣ ቡና ሳይጠጣ የተማከረ ጎረቤት የለም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ መራራ ነጥብ አለ። ቡናው ማዕዱን ተሻገረ፤ ቡናውን ያመጣው ሰው ግን ርስቱን አልተሻገረም። ሙስሊሙ ነጋዴ በጎጃም እንደ ቀድሞው ያለ ርስት ኖረ። ይህም የሚያስረዳው የምግብ መክበር የበይውን መክበር በራሱ እንደማያመጣ ነው። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል የሚበላው ቆጮም እንዲሁ ያለ ዕጣ ደርሶበታል። እንሰት ድርቅን የሚችል ተክል በመሆኑ ለዘመናት ሚሊዮኖችን ከረኀብ የጠበቀ ባለውለታ ነው፤ ዛሬ ክትፎ በቆጮ በአዲስ አበባ የክብር ግብዣ ነው። «ቆጮ በላ» የሚለው ስድብ ግን ቆጮውን ከሚያጣጥመው አንደበት ሲወጣ የተሰማበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ጣና ዳር ወይም የጠፋው ምግብ

የቡናው ተቃራኒ ታሪክ በጣና ሐይቅ ዳርቻ ይገኛል። በባሕር ዳር፣ በዓባይ መውጫና በደምቢያ ዙሪያ የሚኖሩት ወይጦዎች፣ ዛሬ «ነገደ ወይጦ» የተሰኘውን ስም የሚመርጡት ሕዝቦች፣ ደንገል አጭደው ታንኳ ሠርተው ሐይቁን የሚቀዝፉ፣ ጉማሬ በጦር የሚያድኑ፣ የወፍጮ ድንጋይ የሚጠርቡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው ጽፏል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት ተመራማሪዎች ግን ሲነገር ያገኙት አማርኛ ነው፤ ከጥንቱ ቋንቋ የተረፉት ጥቂት ቃላት ብቻ ናቸው።

ወይጦዎች የጉማሬ ሥጋ ስለሚበሉ ክርስቲያኑ ጎረቤት ርኩስ አላቸው። እነርሱ ራሳቸውን ሙስሊም ብለው ሲጠሩም ሙስሊሙ ጎረቤት በዚያው ሥጋ ምክንያት አልተቀበላቸውም። ሁለቱ ሃይማኖቶች በዕርድ ሲለያዩ ወይጦን በማግለል ግን ተስማሙ። በሌላ ጉዳይ ሁሉ የሚወዳደሩ ሁለት ወገኖች አንድን ሦስተኛ ወገን በአንድ ቃል ሲንቁት የንቀቱ ምንጭ ሕገ ሃይማኖት ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው አንድ ሐቅ አለ። ጉማሬው ሥጋ ብቻ አልነበረም። ቆዳው ተልጦ አለንጋ ይሆናል። ያ አለንጋ በመኳንንቱና በባለሥልጣኑ እጅ የክብርና የቅጣት መሣሪያ ነበር። ወይጦው በታረደው ጉማሬ ሥጋ ሲረክስ ጌታው በዚያው ጉማሬ ቆዳ አልረከሰም። ታንኳውንም እንዲሁ መነኮሳትና ነጋዴዎች ሐይቁን ይሻገሩበት ነበር። የእጁ ሥራ ሲፈለግ እጁ ግን ከመሶቡ ተከለከለ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሂደት ጉማሬው እየተመናመነ ሄደ፤ አደኑም እየተከለከለ መጣ። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ፍሬድሪክ ጋምስት እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ጥናት ወይጦዎች ከአደን ወደ ግብርና ሕይወት ሲያልፉ ያሳያል። ዛሬ ኑሯቸው በዓሣ፣ በደንገል ሥራ፣ በጥቂት እርሻና በቀን ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው። የጉማሬ ሥጋ ከማዕዳቸው ከወጣ ትውልድ አልፏል። ጉማሬ በልቶ የማያውቅ ወጣት ግን ዛሬም በአያቱ ማዕድ ይሰደባል፤ ለጋብቻ ሲጠይቅም በዚያው ስም ይመለሳል። «በላ» የሚለው ቃል ግሥ ቢሆን ኖሮ ድርጊቱ ሲቆም በቆመ ነበር። ስም ስለሆነ ግን ቀጠለ።

«ቡዳ»፤ ምግብ የሌለበት ስድብ

የምግብ ስድብ መጨረሻ ደረጃው ምግብ ጭራሽ የማያስፈልገው ነው። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው ከገበሬው የተለየ ነገር አይበሉም ነበር። ጤፉ ያው ጤፍ፣ ሽሮውም ያው ሽሮ ነው። በማዕዳቸው ላይ የሚነቀፍ ነገር ሲታጣ ሰው ይበላሉ ተባለ። «ቡዳ» የተባለው እምነት ይህ ነው። በዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል የተባለው ባለሙያ ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ፣ እናት ወጥ የምትሠራበትን ድስት የሚሠራው ሰው ነበር። ድንገት የታመመ ሕፃን «ቡዳ በላው» ሲባል «በላ» ወደ ግሥነቱ የተመለሰ ይመስላል፤ ነገር ግን አሁን የሚናገረው ማንም ያላየውን፣ ማንም ሊያስተባብለው የማይችለውን ድርጊት ነው። ክሱ ማስረጃ ስለማይፈልግ መከላከያም የለውም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ባለሙያውን በሙያው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ጸሐፊው የሚጠሩባቸው የንቀት ቃላት በአዋጁ ተነቅፈዋል፤ ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑ ተገልጿል፤ ተሳዳቢውም እንደሚታሰር ተነግሯል። አዋጁ በዘመኑ ወደፊት የተራመደ ነበር። ሆኖም ባለሙያውን ከስድብ ሲከላከል መሬት አልሰጠውም። ርስት ያልነበረው ባለሙያ ከአዋጁም በኋላ ርስት አልነበረውም። ስድቡም በአደባባይ ዝቅ ብሎ በየጓዳው ቀጠለ።

የቃሉ ጉዞ በዚህ አላበቃም። ጎጃም በቅኔና በዜማ ትምህርት ቤቶቹ ሲከበር በዚያው ትምህርቱ ምክንያት ከጎጃም ውጭ ሲጠረጠርም ኖሯል። በሌላ አገር በሠፈሩ ጎጃሜዎች ላይ «ቡዳ» የሚለው ቃል ተወረወረ። ቀጥቃጩን በዚያ ቃል ያገለለው አርሶ አደር ልጅ ከቀዬው ሲርቅ ራሱ በቃሉ ተገለለ። ስድብ የተሠራ ዕቃ ነው፤ ለአንዱ ተብሎ የተሠራው ለሌላውም ይሆናል።

ክፉ ቀን

ምግብ የሰውን ማንነት የሚወስን ቢሆን ኖሮ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከደረሰው ክፉ ቀን በኋላ በደጋው አገር ሁሉ ስም በተለወጠ ነበር። የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ፤ ማረሻው ቆመ፤ አንበጣና ድርቅ ተጨመሩ። የዘመኑ ምስክሮች እንዳቆዩት ሰው የሞተ ከብት፣ የዱር ሥራሥርና በደህናው ቀን የተከለከለውን ሁሉ በላ። ካህን፣ ባላባትና ገበሬ በአንድነት ከሕጉ ወጡ። ዝናቡ ሲመለስ ግን ማንም በዚያ ዘመን በበላው ነገር አልተጠራም። የባለርስቱ መብላት «ክፉ ቀን» ተባለ፤ የርስት አልባው መብላት «ዘር» ተባለ። በሰሜኑ አገር ሰዎች ላይ የሚወረወረው «አንበጣ በላ» የሚለው ስድብም ከዚሁ የሚመደብ ነው። የሌላውን ችግር ባሕርዩ አድርጎ የሚቆጥር ቃል ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 አንበጣን ከሚበሉት ወገን እንደሚቆጥረው ተሳዳቢው አያስታውስም።

በዓለም ታሪክ

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ታሪክ አይደለም፤ ኢትዮጵያውያንም የስድቡ ሰለባ ሆነው ያውቃሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ግሪካዊው አጋታርኪደስ የቀይ ባሕርን ዳርቻና በስተደቡብ ያለውን አገር ሕዝቦች ዓሣ በሎች፣ ሥር በሎች፣ ዝሆን በሎች፣ አንበጣ በሎች እያለ ከፋፍሏል። አንዳቸውም በራሳቸው ስም አልተጠሩም። ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1790 መጽሐፉን ሲያሳትም አውሮጳ ከሁሉ ይልቅ ያወራችው ስለ ጥሬ ሥጋው ነበር። የጎንደር አብያተ መንግሥት፣ መጻሕፍቱና ሕጉ ወደ ኋላ ቀርተው ጥሬ ሥጋው የሕዝቡ መገለጫ ሆነ።

በአሜሪካ የተፈጸመው ደግሞ የስድቡን አሠራር ይበልጥ ያጋልጣል። ባርነት እ.ኤ.አ. በ1865 ሲቀር ነጻ የወጡት ጥቁሮች ሐብሐብ ዘርተው፣ አምርተውና ሸጠው በራሳቸው ገንዘብ መኖር ጀመሩ። ሐብሐብ የነጻነታቸው ፍሬ ነበር። ይህን ያልወደዱት ነጮች በጋዜጣ ሥዕልና በመድረክ ሐብሐብን የስንፍናና የልጅነት ምልክት አደረጉት። ነጮቹም ሐብሐብ ይበሉ ነበር። ስድቡ የመጣው ተሰዳቢው ዝቅ ባለበት ጊዜ ሳይሆን ቀና ባለበት ጊዜ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ በኤግ ሞርት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1893 የጨው ሠራተኞች በሆኑ ኢጣሊያውያን ላይ ጭፍጨፋ ደርሶ ቢያንስ 8 ሰዎች ሲገደሉ፣ ኢጣሊያዊው በፈረንሳይ «ማካሮኒ» ተብሎ የሚሰደብበት ዘመን ነበር። ከአርባ ሁለት ዓመት በኋላ የፋሽስት ኢጣሊያ መንግሥት አረመኔን አሠለጥናለሁ ብሎ ኢትዮጵያን ወረረ። የተናቀ ሕዝብ ንቀቱን ካልመረመረ ለሌላው ያስተላልፋል።

ሕጉና ቃሉ

ስድቡ የቆመባቸው ምሰሶዎች በሕግ አንድ በአንድ ተነሥተዋል። በ1916 ዓ.ም. ባሪያዎችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ አዋጅ ታወጀ፤ በ1934 ዓ.ም. የባርነት ሕጋዊነት ጨርሶ ተሻረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር መሶብን፣ ጋብቻንና ርስትን ያስተሳሰረው ሰንሰለት መጨረሻው ቀለበት ተበጠሰ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደነገገ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 የጥላቻ ንግግርን ወንጀል አደረገ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቃሉ አለመሞቱ ብዙዎችን ያስገርማል። ሊያስገርም ግን አይገባም። ርስቱ በአንድ ቀን አዋጅ ይሻራል፤ ጋብቻው ግን በአዋጅ አይፈጸምም። ቋንቋ የጠፋን ሥርዓት ቅርጽ ይዞ የሚቆይ ዕቃ ቤት ነው። ሽማግሌው ርስት ባይኖረውም የርስቱን አጥር በምሳሌና በቀልድ ለልጁ ያወርሳል። ልጁም አጥሩ ምን ይጠብቅ እንደነበር ሳያውቅ ይጠብቀዋል።

የጎጃም ተወላጅ የሆኑት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የዘር ትምክህት በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ምን እንዳደረሰ አሳይተዋል፤ ያንን ትምክህት የሚጠይቀውን ሰው ኅብረተሰቡ «ጉዱ» ብሎ መሰየሙንም እንዲሁ። ያ መጽሐፍ ከወጣ ወዲህ በመድረክም በሥዕልም የባላባቱ ትምክህት በብዙ ተተችቷል። በምግብ የሚሰነዘረው ስድብ ግን ገና እንደ ቀልድ ይታለፋል። በተውኔት ላይ አንድ ገጸ ባሕርይ የመጣበትን አገር ለማሳወቅ አነጋገሩንና ምግቡን ማጣመም የተለመደ አቋራጭ ነው። ተመልካቹ ይሥቃል፤ በአዳራሹ ውስጥ ግን ሣቁን መመለስ የማይችል ሰው ተቀምጦ ይሆናል። ለከያኒው የሚጠቅመው መለኪያ ያው የይጁቤ ገበያ መለኪያ ነው፤ ቃሉ ተመልሶ መሄድ ይችላል ወይ?

የመምህሩ ድርሻም ከዚህ የሚያንስ አይደለም። ስድብን በክልከላ ብቻ ማጥፋት እንደማይቻል የ1900 ዓ.ም. አዋጅ ታሪክ አስተምሯል። ተማሪው ቃሉ ከየት እንደመጣ፣ በማን ላይ እንደተሠራ፣ የማንን ጥቅም ይጠብቅ እንደነበር ሲያውቅ ግን ቃሉ ኃይሉን ያጣል። ቡናን ያወገዙ አያቶች የልጅ ልጆች ዛሬ ቡና አፍልተው ጎረቤት ይጠራሉ፤ ያ ውግዘት መኖሩን እንኳ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ይህ ለውጥ አንድ ጊዜ ከተቻለ ሁለተኛም ይቻላል። ልዩነቱ አንድ ነው። ለቡናው ንግድና ቤተ መንግሥት ጠበቃ ሆነውለት ነበር። ለጣና ዳሩ ወጣት፣ ለቀጥቃጩ ልጅ፣ ለተሸጡት ሰዎች ልጆች ግን ጠበቃቸው የጎረቤታቸው ሕሊናና አብሮ የሚቀርበው መሶብ ነው።